«ዛሬም ሥራ የለም?» — ከኦበርን ጓዳ እስከ ቢሮ መመለሻው ደብዳቤ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ድርድር አይደለም። ነገራችን የሚጀምረው ከአንድ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።)

በማርች 2020 የመጀመሪያ ሳምንት አሠሪያችን «ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው» ሲለን፣ ኦበርን ባለው ቤታችን የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚባል ነገር አልነበረም። የምግብ ጠረጴዛው የልጃችን መጫወቻ ሞልቶበታል። ስለዚህ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ መኝታ ቤት ጥግ ዘርግተን፣ ፎጣ አንጥፈንበት፣ ላፕቶፑን አስቀመጥንና ሥራ ገባን። ሁለት ሳምንት ነበር የተባለው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሸሚዝ ሳይተኮስበት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ይህን ዛሬ ምን አስታወሳችሁ የሚለን አይጠፋም። ያስታወሰን ደብዳቤ ነው። ከስንት ማራዘምና ከስንት «ወደፊት እናሳውቃለን» በኋላ አሠሪያችን ቁርጡን ነግሮናል፤ በሳምንት አምስቱንም ቀን ቢሮ እንድንገኝ። ቀኑ ተቆርጧል። እኛም እንደ ብዙው የአካባቢያችን ሠራተኛ ያንን ቀን በመጠበቅ ላይ እንገኛለን። መጠበቅ ደግሞ ለስደተኛ አዲስ ነገር አይደለም።

«ሁለት ሳምንት» የተባለው ጊዜ

እንደሚታወሰው በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ይፋ የሆነው በዚሁ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ከሲያትል በስተ ሰሜን በሚገኘው ስኖሆሚሽ ካውንቲ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን አገረ ገዥው ጄይ ኢንዝሊ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። በማርች የመጀመሪያ ሳምንት ኪንግ ካውንቲ ከቤቱ መሥራት የሚችል ሁሉ ከቤቱ እንዲሠራ መከረ። ማይክሮሶፍትና አማዞንም ለሠራተኞቻቸው ይህንኑ ነገሩ። ማርች 23 ቀን ደግሞ ሁሉም ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያዘው ትእዛዝ ወጣ። ቦይንግ እዚህ ኦበርን ያለውን ትልቁን የአውሮፕላን ክፍሎች ማምረቻ ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ፋብሪካዎቹን ለሳምንታት አቆመ።

በአገራችንም የመጀመሪያው ሕመምተኛ ማርች 13 ቀን 2020 ይፋ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ የመንግሥት ሠራተኛው ከቤቱ እንዲሠራ ተባለ፤ ኤፕሪል 8 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ከቤት መሥራት» የሚለው አባባል በአማርኛችን የገባው በዚያ ሰሞን ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ከዚያ በፊት ቤት የሚሠራ ሰው ቢባል ወይ ግንበኛ ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛ።

ኦበርን ማን ናት?

ኦበርንን ለማያውቋት አንባቢያን ጥቂት እንበል። ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ በሲያትልና በታኮማ መካከል ያለች ከተማ ናት። አብዛኛው ክፍሏ በኪንግ ካውንቲ፣ ጥቂቱ በፒርስ ካውንቲ ውስጥ ነው። በ2020ው ቆጠራ 87 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። ሰማዩ ሲጠራ የሬይኒር ተራራ በረዶውን ተከናንቦ ከደጃፍ ይታያል። የሰማዩ መጥራት ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እምብዛም አይታሰብም።

እኛ ኦበርን የገባነው ወደን አይደለም። እንደ አብዛኛው የሲያትል ሐበሻ የጀመርነው ሬይኒር ቫሊ ነው። ኪራዩ ሲጨምር ወደ ሬንተን፣ ሬንተን ሲወደድ ወደ ኬንት፣ ከኬንት ወደዚህ ወረድን። ኪራይ እየገፋ እዚህ አደረሰን ማለት ይቀላል። ከ2000 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ኦበርንን ከሲያትል የሚያገናኘው ሳውንደር ባቡር ባይኖር ኖሮ ኑሯችን መኪና ውስጥ ባለቀ ነበር። እሱም ቢሆን በዋናነት የሚሄደው ጠዋትና ማታ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው። አንዱ ካመለጠ፣ 167 ቁጥር መንገድ ላይ ከሚንፏቀቀው መኪና መካከል መሰለፍ ነው። ከበር እስከ በር ሲቆጠር በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ከተማዋ ስም ያወቅነው ቤት ከዋልን በኋላ ነው። በ1891 ከተማ ሆና ስትመሠረት ስሟ «ስሎተር» ነበር፤ በ1855 በውጊያ የሞተ የአንድ መኮንን ስም። ቃሉ በእንግሊዝኛ «እርድ» ማለት ስለሆነ ለነዋሪው አልተዋጠለትምና በ1893 ኦበርን ተባለች። ኦበርን የሚለው ስም ምንጩ ደግሞ አየርላንዳዊው ኦሊቨር ጎልድስሚዝ በ1770 ያሳተመው «የተተወችው መንደር» የተሰኘ ግጥም ነው። ግጥሙ ባለጸጋ መሬታቸውን ስለወሰደባቸውና መንደራቸውን ጥለው ባሕር ተሻግረው ስለተሰደዱ የገጠር ሰዎች የሚያወራ ነው። ስደተኛ ሆነን ስሟን ከስደተኞች ግጥም ባገኘች ከተማ መኖራችንን ስናውቅ፣ ሳቅ ይሁን ትካዜ ያልለየ ነገር ተሰማን። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

«ሥራውን ለቀቀ እንዴ?»

አማታችን ከአዲስ አበባ የመጡት በጃንዋሪ 2020 ነበር። ለስድስት ወር፣ የልጅ ልጃቸውን አይተው ሊመለሱ። መንገዱ ተዘጋና ቀሩ። እማማ አንድ ጤናማ ጎልማሳ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቤት ሳይወጣ ሲውል ማየት እጅግ አሳሰባቸው። ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች የመኝታ ሱሪ ለብሶ መስኮት ጥግ ቁጭ ብሎ ለብቻው የሚያወራ ሰው! በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸውን ወጥ ቤት ጠርተው በሹክሹክታ ጠየቁ፦ «ሥራውን ለቀቀ እንዴ? ለኔ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም።»

ነገሩ ቢብራራላቸውም አልተዋጠላቸውም። በኛ አገር ቤት የሚውል ወንድ ወይ ታሟል፣ ወይ ተባሯል፣ ወይ ተደብቋል። ፒያሳ ካሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ «ደኅና ነው፣ ሥራም አለው» የምትለዋን ቃል ሳይጠየቁ ሲያስገቡ እንሰማቸው ነበር። በየጠዋቱ ደግሞ በሩን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ዛሬም ሥራ የለም?» ይላሉ። «ሥራ ላይ ነኝ እማማ» ስንላቸው «እሺ» ብለው በሐዘን ይመለሳሉ።

ቡና ግን አልቀረም። ስብሰባው ሲጋጋል ሙቀጫው ይጀምራል። አንድ ቀን ቡናው ሲቆላ የጭስ መጠቆሚያው ጮኸና አለቃችን በስክሪኑ ላይ «ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው?» ብሎ ደነገጠ። አቦሉም ቶናውም በረካውም በስብሰባ መካከል ሲደርሱን እንዲህ ሆኖ ነው። ልጃችን ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። አያቱ ከመምጣታቸው በፊት በአማርኛ ሲነገረው በእንግሊዝኛ ይመልስ ነበር። በዓመቱ ግን ተረቱን ከነ አዝማቹ ይዞ፣ «አባዬ፣ ድምፅህን አጥፋው፣ አያቴ እየጸለየች ነው» የሚል ልጅ ሆነ። ያ የቤት መዋል ዘመን ለኛ የሰጠን ትልቁ ነገር ይህ ነው። በሺህ ዶላር የማይገዛ አማርኛ፣ እንዲያው በነፃ።

ቤት መዋል ያልቻሉት

ይህን ሁሉ ስናወራ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ከቤቱ የሠራው ጥቂቱ ነው። ባለቤታችን የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ በ2020 የጸደይ ወቅት ለወረርሽኙ የመጀመሪያው ምሽግ የአረጋውያን ቤት እንደነበር ዓለም ያውቃል። እሷ በየማታው ጋራዥ ውስጥ የሥራ ልብሷን አውልቃ፣ በከረጢት ቋጥራ፣ ልጇን ሳትነካ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባ ነበር። እኛ በጠረጴዛ ጥግ «የዛሬው ስብሰባ አደከመን» ስንል፣ እሷ በአንድ ሌሊት የስንት ሰው እጅ ይዛ አድራ እንደመጣች አትናገርም ነበር።

ታክሲ ነጂው ወገናችን ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ባዶ በሆነባቸው ሳምንታት ያለ ተሳፋሪ ተሰልፎ ዋለ። የመጋዘን ሠራተኛው እኛ ከቤት ሆነን ያዘዝነውን ዕቃ ሲጭንና ሲያራግፍ ሰነበተ። ሆቴል የምታጸዳው እኅታችን ሥራዋ በአንድ ጀምበር ቆመ። እንግዲህ «ከቤት መሥራት መብት ነው» ብለን ስንከራከር፣ ከቤቱ መሥራት ያልቻለው ወገናችን ይሰማናል። ክርክራችን እሱን ካላካተተ የጥቂቶች ምቾት ከመሆን አያልፍም።

መስመሩ ሲቆረጥ

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ከቤት መሥራት የሚቻለው መስመር ሲኖር ብቻ ነው። በጁን 2020 መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላው ኢትዮጵያ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ትግራይ አብዛኛው ክፍሏ ለሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ኖረች። በኦገስት 2023 የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ለወራት ቆየ።

እኛ ኦበርን ተቀምጠን የስብሰባው ምስል ለሁለት ሰኮንድ ቢቆራረጥ «ኧረ መስመሩ!» እያልን እናማርራለን። በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን ጎንደር ያለች እናቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ሳምንት ይጠብቃል። መንግሥታት ይቀያየራሉ፤ መስመር መቁረጥ ግን ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ከ2006 ጀምሮ ድረ ገጽ ይታገድ ነበር፤ በ2018 ከሁለት መቶ ስድሳ በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ተብሎ ጨፈርን፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ድረ ገጹ ቀርቶ መስመሩ ራሱ ይቆረጥ ጀመር። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት በኮምፒዩተር ሠርቶ ማደር የሚችል ስንት ወጣት አለ? የእንጀራ ገመዱ በአንድ ቢሮ ውሳኔ ሊበጠስ የሚችል ወጣት ግን ማን ያምነዋል? ማንስ ሥራ ይሰጠዋል?

የመመለሻው ቀን

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የመመለሻ ቀን እንደ አድማስ ነው፤ ሲቀርቡት ይሸሻል። አማዞን መጀመሪያ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 አለ። ከዚያ ጃንዋሪ 8 ቀን 2021 ተባለ። ከዚያ ጁን 30 ቀን 2021። ከዚያ ጃንዋሪ 3 ቀን 2022። ከዚያም «አለቆቻችሁ ይወስኑ» ሆነ። በሜይ 2023 በሳምንት ሦስት ቀን ተብሎ ሠራተኛው በዚያው ወር መጨረሻ ሲያትል ላይ ሥራ አቁሞ ተቃውሞ ወጣ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን አምስቱንም ቀን ሆነ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በሴፕቴምበር 2025 ከቢሮው በ50 ማይል ውስጥ የሚኖር የሲያትል አካባቢ ሠራተኛ እስከ ፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ መግባት እንዲጀምር አስታወቀ። ከኦበርን ሬድመንድ ከ50 ማይል በታች ነውና የኦበርን ሰው አያመልጥም።

የኛም አሠሪ ከትላልቆቹ ኋላ ኋላ ተከትሎ፣ ሁለቴ አራዝሞ፣ አሁን ቆርጧል። ይህን የተራዘመ ቀን ዝርዝር ስንመለከት አንድ ነገር ትዝ አለን። «በሚቀጥለው ዓመት አገራችን እንገባለን» እያለ ሻንጣውን ሳይፈታ ሰላሳ ዓመት የቆየ የስደት ትውልድ አለን። ከ1966ቱ አብዮት (በኛ አቆጣጠር) በኋላ የወጣው እንዲህ አለ። በ1991 የወጣው እንዲህ አለ። ከ2005 ምርጫ በኋላ የወጣውም እንዲሁ። በ2018 ብዙዎች ተመለሱ፤ ከተመለሱት ውስጥ ስንቶች እንደገና መውጣታቸውን አንባቢ ያውቀዋል። የመጠበቅ ክፋቱ ቀኑ መራቁ አይደለም። ዛሬን «ጊዜያዊ ነው» እያሰኘ ሳይኖሩት ማሳለፉ ነው። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ዓመት ከመንፈቅ የሠራነው ሌላ ጠረጴዛ መግዣ አጥተን አይደለም። «ሁለት ሳምንት ነው» ብለን ነው።

እማማ ወዴት ይመለሱ?

የደብዳቤው ትልቁ ጥያቄ ግን እኛ አይደለንም፤ እማማ ናቸው። ለስድስት ወር የመጡት እናት ዛሬ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የኦበርን ነዋሪ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሟል። ስኳራቸው በቀትር መርፌ ይፈልጋል። ባለቤታችን ቀን ሥራ ላይ ናት። መርፌውን የምንወጋው፣ ምሳቸውን የምናቀርበው፣ ሲወድቁ የምናነሣው እኛ ነን፤ በሁለት ስብሰባ መካከል። እኛ ጠዋት ባቡር ይዘን ማታ ከተመለስን ከሳቸው ጋር የሚውል ሰው የለም።

«መንከባከቢያ ቤት አለ» ይሉናል። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል። ውስጡን ታውቀዋለችና። የምትሠራበት ቤት ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንዲት የአማርኛ እንጂ ሌላ ቋንቋ የሌላት እናት በዚያ ኮሪደር ውስጥ ውኃ ለመጠየቅ ስትቸገር ምን እንደምትመስል ስለምታውቅ ነው።

«እንግዲያው አገሬ ልግባ» ይላሉ እማማ። ይህን ሲሉ የሚታያቸው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩበት ሰፈር። በ2024 መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሰበብ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ዜናውን በስልክ ስክሪን አብረናቸው አየነው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አስመለሱን። የደጃቸውን አቅጣጫ ፈልገው አጡት። ጎረቤቶቻቸው፣ የዕድርና የማኅበር ጓደኞቻቸው፣ ያ ሁሉ «ደኅና ነው፣ ሥራም አለው» ይባልለት የነበረው ሰው፣ በየዳርቻው ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ከተማ መታደሱን የሚቃወም የለም። ሰውን ከሰው ለይቶ መበተን ግን በአስፋልትና በመብራት አይካካስም። ለዚህ ነው ያ የ1770 ግጥም ነገር የከነከነን። የተተወችው መንደር ኦበርን ሳትሆን ዶሮ ማነቂያ ሆና አገኘናት። እኛ የምንመለስበት ቢሮ አለን፤ ወንበራችን እንኳ ባለበት አለ። እማማ ግን የሚመለሱበት ደጅ የለም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በተመሳሳይ ችግር ላይ ያሉ ወገኖች ስለሚኖሩ ያጣራነውን እናካፍል። የአካል ጉዳት ሕጉ ለሠራተኛው ለራሱ ሕመም የሥራ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያስገድዳል እንጂ፣ ሰው ለማስታመም ከቤት የመሥራት መብት አይሰጥም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ የራስን ወላጅ ቢጨምርም የትዳር ጓደኛን ወላጅ አይጨምርም። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከ2020 ጀምሮ የሚከፈለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ግን አማትንም ያካትታል፤ ቤተሰብ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት። ይህ ገንዘብ ከደመወዛችን ላይ እየተቆረጠ የምንከፍለው ነውና ምጽዋት አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ግን «አለቃዬ ይቀየመኛል» በሚል ፍርሃት አይጠይቁም። ከአገር ይዘነው የመጣነው የቢሮ ፍርሃት ውቅያኖስ አቋርጦም አልለቀቀንም።

ሁለተኛው ነገር በመካከላችን ያለው ነው። ዕድርን የፈጠረ ሕዝብ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ብቻ ሳይሆን፣ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ቀኑን የሚያውልበት ቤትም መፍጠር ይችላል። በኬንት፣ በሬንተን፣ በኦበርን ብቻቸውን መስኮት እያዩ የሚውሉ እናቶችና አባቶች ስንት ናቸው? በፖለቲካ ልዩነት የተከፋፈሉ ማኅበሮቻችን በዚህ አንድ ጉዳይ እንኳ ቢተባበሩ፣ ለእማማ የወገን ጥያቄ የላቸውም። የሚጠይቁት ቡና አፍልቶ አብሯቸው የሚጠጣ ሰው ነው።

እኛ ማመልከቻችንን አስገብተናል፤ በሳምንት ሁለቱን ቀን ከቤት እንድንሠራ። መልሱ አልመጣም። ባለቤታችን የሌሊት ፈረቃ ጠይቃለች፤ የሷም መልስ አልመጣም። ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የአያቱን መርፌ ሰዓት እንዴት እንደሚመዘግብ ተምሯል፤ የሚመዘግበውም በፊደል ነው።

የመተኮሻው ጠረጴዛ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል። ለዚያ ቀን ሸሚዞቻችንን እየተኮስንበት ነው። እማማ በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱናል። ስለ ደብዳቤው ያውቃሉ። ዛሬ ጠዋትም እንደ ድሮው በሩን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ዛሬም ሥራ የለም?» አሉን። በዚህ ጊዜ ግን እየሳቁ ነበር። «ዛሬ የለም እማማ» አልናቸው፤ ላፕቶፑንም ዘግተን አቦሉን አብረናቸው ጠጣን።

ቸር ያሰማን።